ቅያሪው ካልተሳካ ማን ይሸፍናል?

አዲስ አበባ ውስጥ የወጣቶች ቡድን አሰለጥናለሁ። ከዚያ በፊት ረዳት አሰልጣኝ ነበርኩ። ከዚያም በፊት የመሐል ተከላካይ ሆኜ ተጫውቻለሁ። ይህን የምጽፈው ገና ቡድን ለተረከባችሁ፣ የሰፈር ልጆችንም ይሁን የክለብ ታዳጊዎችን ለምታሰለጥኑ ነው። ስለ ልምምድ አሰጣጥ ኮርስ አለ። ስለ አሰላለፍም ብዙ ይወራል። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ግን፣ 65ኛው ደቂቃ ላይ፣ ደጋፊ ከኋላ እየጮኸ፣ ረዳቱ ከጎን እየጎተተ፣ አሰልጣኝ ምን ይዞ እንደሚወስን ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳ ሰው ብዙ አይገኝም። እኔ የተማርኩት ከታላላቆቼ አጠገብ ተቀምጬ ነው። የገባኝን ላካፍላችሁ።

ሪስክ የሚወስድ አሰልጣኝ ሲባል ብዙ ሰው አጥቂ የሚያበዛ ይመስለዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። 1ለ0 እየመሩ አሥሩንም ተጫዋች አሥራ ስድስት ከሃምሳ (የራሳችን በረኛ ሳጥን) ውስጥ መክተት ሪስክ ነው። ኳሱን ለተጋጣሚ አስረክቦ፣ ለሃያ ደቂቃ አንድም ስህተት እንዳይፈጠር መጸለይ ማለት ነው። ምንም ሳይቀይሩ መቀመጥም ሪስክ ነው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ትልቁ እሱ ነው። ስለማይታይ ብቻ ማንም አይጠይቀንም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የብዙዎቻችን ችግር ያለው እዚህ ነው። ቀይሮ የተሸነፈ አሰልጣኝና ሳይቀይር የተሸነፈ አሰልጣኝ እኩል አይወቀሱም። 60ኛው ደቂቃ ላይ ተከላካይ አስወጥታችሁ አጥቂ ብታስገቡና ጎል ቢገባባችሁ፣ ከሜዳ ሳትወጡ ስማችሁ ይነሳል። ምንም ሳትነኩ በዚያው 1ለ0 ብትሸነፉ ግን «ልጆቹ ዛሬ ደክመዋል» ተብሎ ይታለፋል። አሰልጣኙ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሳያስበው ቅያሪውን ይገፋል። 70ኛው ደቂቃ ያልፋል፣ 75ኛው ያልፋል። በመጨረሻ 83ኛው ደቂቃ ላይ ሁለት ልጆች ያስገባል። ሰባት ደቂቃ ምን ይሠሩበታል? ገና ሰውነታቸው ሳይሞቅ ፊሽካው ይነፋል። ይህን የምታደርጉት ራሳችሁን ለመጠበቅ መሆኑን ካወቃችሁ ግማሹ መንገድ አልቋል። ቡድኑን ለመጠበቅ ከሆነ ግን ሌላ ጥያቄ ያስፈልጋል።

እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። ይህ ውሳኔ ካልተሳካ ምን እናጣለን? ካልተሳካስ ማን ይሸፍናል? ሁለቱንም መመለስ ከቻልኩ እወስናለሁ። ሁለተኛውን መመለስ ካልቻልኩ፣ ሐሳቡ የቱንም ያህል ቢያጓጓኝ እተወዋለሁ።

ይህን ጥያቄ ደግሞ ሜዳ ዳር ቆሜ አልጀምረውም። ከጨዋታው በፊት በነበረው ምሽት ቤቴ ቁጭ ብዬ በትንሽ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ብንመራስ? ብንመራስ እያልኩ ብቻ ሳይሆን፣ በስንት ጎል ብንመራ? አቻ ብንሆንና ነጥቡ ቢበቃን? አቻ ብንሆንና ባይበቃን? በረኛው ቀይ ቢያይ ማን ይወጣል? የግራ ተከላካዩ በጊዜ ቢጫ ቢያይ? ለእያንዳንዱ የልጆቹን ስም እጽፋለሁ፤ የሚወጣውንም የሚገባውንም። ስም የሌለው ዕቅድ ሜዳ ላይ አይረዳም። ጨዋታው ሲሞቅ የልብ ምት ይጨምራል፣ ድምፅ ይበዛል፣ ሰው የመጨረሻውን ያየውን ነገር ብቻ ያስታውሳል። ወረቀቱ ግን የተጻፈው ረጋ ባልኩበት ሰዓት ነው። ሜዳ ላይ ሌላ ነገር ካየሁ አልፈዋለሁ፣ እሱን መተው መብቴ ነው። ግን ከምን ላይ እንደተነሳሁ አውቃለሁ።

ማሳያ ልስጣችሁ። የ2013ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ብዙዎቻችን አንረሳውም (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ከ31 ዓመት በኋላ ተመልሰን ነው። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድናችን በመጀመሪያው ጨዋታ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ገጠመ። ዛምቢያ የወቅቱ ሻምፒዮን ነበረች። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ከዚያ በረኛው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። አጋማሹ ሊያልቅ ሲል የዛምቢያው ምቤሱማ አገባብን። አንድ ሰው አንሶን፣ በአንድ ጎል ተመርተን ወደ መልበሻ ክፍል ገባን።

እዚያ ሁኔታ ውስጥ ብዙ አሰልጣኝ «ጎል እንዳይበዛብን» ይላል። እኔ ራሴ በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ይህንኑ ነበር የምፈራው። ቡድኑ ግን ኳሱን አልጣለም። በአሥር ሰው እየተቀባበለ፣ ተጋጣሚውን እያስሮጠ ተጫወተ። 65ኛው ደቂቃ ላይ አዳነ ግርማ አስቆጠረና 1ለ1 ተለያየን። በአሥር ሰው ለሚጫወት ቡድን ኳስ መያዝ ዕረፍት ነው። ኳሱ እግራችሁ ሥር ሲሆን የሚሮጠው ሌላው ነው። ይህን ለልጆቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ።

ከአራት ቀን በኋላ፣ እዚያው ሜዳ ላይ፣ ነገሩ ተገለበጠ። ቡርኪና ፋሶ ከእረፍት በፊት በአላን ትራኦሬ ጎል 1ለ0 መራች። 60ኛው ደቂቃ አካባቢ በረኛቸው ሱላማ ከሳጥኑ ውጭ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ወጣ። አሁን እኛ አሥራ አንድ፣ እነሱ አሥር። ግማሽ ሰዓት ቀርቷል። ሁላችንም ተነስተን ቆምን። ከዚያ በኋላ ሦስት ጎል ገባ። ሦስቱንም ያገቡት እነሱ ናቸው። 4ለ0 አለቀ።

እነዚህን ሁለት ጨዋታዎች ደግሜ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። በዚያ ግፊት ውስጥ የቆመ ሰው ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። የምወስደው ትምህርት ይህ ነው። ተጋጣሚ ሰው ሲያንሰው የእኛ ልጆች ሁሉም አጥቂ ይሆናሉ። የመስመር ተከላካዩ ይወጣል፣ አማካዩ ይወጣል፣ የመሐል ተከላካዩ ሳይቀር ይቋምጣል። ማንም ወደ ኋላ አያይም። አንድ ሰው ያነሰው ቡድን ደግሞ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፤ ሰፊ ቦታና አንድ ረጅም ኳስ። በሰው መብለጥ ጊዜ ይሰጣል፣ ጥድፊያ አይፈልግም። ስለዚህ የእኔ ወረቀት ላይ «ተጋጣሚ ቀይ ካርድ ቢያይ» የሚል መስመር አለ። ከሥሩ የተጻፈው ደግሞ የአጥቂ ስም አይደለም። የሁለት ተከላካዮችና የአንድ አማካይ ስም ነው። እነዚህ ሦስቱ ኳሱ የትም ይሁን የት ከመሐል ሜዳ ብዙ አያልፉም። ሌሎቹ ሰባት ሜዳውን አስፍተው ኳሱን ከመስመር ወደ መስመር ያመላልሳሉ። አሥር ሰው ሜዳውን ሁሉ መሸፈን አይችልም። ክፍተቱ ይመጣል።

ምን እናጣለን የሚለው ጥያቄ የሚጀምረው ምን ያስፈልገናል ከሚለው ነው። ለዚያ ውድድር ያለፍንበትን የሱዳን ጨዋታ አስታውሱ። ኦምዱርማን ላይ 5ለ3 ተሸንፈን ነበር የመጣነው። ጥቅምት 2012 በፈረንጆቹ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። በድምር 5ለ5 ስንሆን ከሜዳ ውጭ ያገባናቸው ሦስት ጎሎች ስለሚያሳልፉን 2ለ0 ይበቃናል። አዳነና ሳላዲን ሁለቱንም አገቡ። ሁለተኛው ጎል ከገባ በኋላ ግን ሒሳቡ በአንድ ጊዜ ተቀየረ። ከዚያ በፊት ጎል የግድ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ጎል ቢገባብን ሁሉም ነገር ይጠፋል። ያው ቡድን፣ ያው ሜዳ፣ ያው ተጋጣሚ፤ የአንድ ደቂቃ ልዩነት ግን ትክክለኛውን ውሳኔ ገለበጠው። ጎል ሲገባ ሁሉም ሲተቃቀፍ አሰልጣኙ ማስላት ያለበት ለዚህ ነው። ልጆቹ ይደሰቱ። እኛ ግን በዚያች ደቂቃ አምበሉን ጠርተን ቀጣዩን መንገር አለብን። ካሜሩን ውስጥ በ2022 በአፍሪካ ዋንጫ የሆነውንም አይታችኋል። ዳዋ ሆቴሳ 4ኛው ደቂቃ ላይ በባለሜዳዎቹ ላይ አገባ። 8ኛው ደቂቃ ላይ አቻ ሆኑ። በመጨረሻ 4ለ1 አሸነፉን።

አሁን ከራሴ ቡድን አንድ ልንገራችሁ። የምድባችን የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ለማለፍ ማሸነፍ አለብን። ለተጋጣሚያችን አቻ ይበቃዋል። በመጀመሪያው አጋማሽ 1ለ0 መሩን። በእረፍት ሰዓት ማንንም አልቀየርኩም፤ ልጆቹ በደንብ እየተጫወቱ ነበር፣ የጎደለው ጎል ብቻ ነው። 60ኛው ደቂቃ ላይ የግራ ተከላካዩን አስወጥቼ የመስመር አጥቂ አስገባሁ። ከኋላ ሦስት ቀረን። ማን ይሸፍናል? የተከላካይ አማካዩ። ኳስ ስንነጠቅ ወደ ግራ ሸርተት ብሎ ቦታውን እንዲይዝ ሐሙስ ዕለት ስንለማመደው ነበር የዋልነው። ከሦስቱ ተከላካዮች ሁለቱ ፈጣኖች ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ይህን ቅያሪ አላስበውም ነበር። ቀርፋፋ ተከላካይ ይዞ በሦስት መቅረት ድፍረት አይባልም።

71ኛው ደቂቃ ላይ አገባን። 1ለ1። ረዳቴ ወዲያው ዞረና «ኮች፣ ወደ አራት እንመለስ፤ ተረጋግተን እንጨርስ» አለኝ። ጥሩ ሰው ነው፣ ቡድኑን ይወዳል። እኔም አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። «አቻ ያሳልፈናል?» ዝም አለ። በሦስት ቀጠልን። 84ኛው ደቂቃ ላይ በመልሶ ማጥቃት 2ለ1 ሆነና ተሸነፍን።

ከጨዋታው በኋላ ከኮሚቴው አንድ ሰው «1ለ1 ላይ ለምን አልዘጋህም?» ብሎ ጠየቀኝ። የመለስኩለትን ዛሬም እደግመዋለሁ። 1ለ1 ሆነን ብንወጣ ከውድድሩ ወጥተናል። 2ለ1 ተሸንፈንም ወጥተናል። ለእኛ ሁለቱ አንድ ናቸው። ልዩነት ያለው 2ለ1 ማሸነፍ ብቻ ነበር። ስለዚህ የምናጣው ነገር አልነበረም፣ የምናገኘው ግን ነበር። ጎሉ የገባበትንም አይቼዋለሁ። አማካዩ ቦታው ላይ ነበር። ተከላካዩም ደርሷል። ልጁ የመታት ኳስ ግን ድንቅ ነበረች። እንዲህ ያለ ነገር ይከሰታል። ያው ሁኔታ ነገ ቢመጣ ያንኑ እወስናለሁ። አቻ የሚበቃን ቢሆን ደግሞ በ71ኛው ደቂቃ፣ ገና ልጆቹ ተቃቅፈው ሳይጨርሱ፣ ወደ አራት እንመለስ ነበር።

ወጣት አሰልጣኞች ይህን ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል። ውሳኔውንና ውጤቱን ለያይታችሁ መዝኑ። አለበለዚያ አንድ ጥሩ ውሳኔ በመጥፎ ዕድል ስለከሸፈ ትጥሉታላችሁ። አንድ ደካማ ውሳኔ ደግሞ ተጋጣሚ ባዶ ጎል ስለሳተ ብቻ ትክክል ይመስላችኋል። ሁለተኛው የከፋ ነው። ደጋግማችሁ ትሠሩታላችሁና።

ሌሎች ላይ የሚንጠለጠል ሪስክ ግን አልወድም። በ2018 የዓለም ዋንጫ ጃፓን በፖላንድ 1ለ0 እየተመራች የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ከኋላ ኳስ እየተቀባበለች ጨረሰች። በሌላኛው ሜዳ ሴኔጋል በኮሎምቢያ 1ለ0 እየተመራች ነበር፣ በዚያው ካለቀ ጃፓን ከሴኔጋል ያነሰ ቢጫ ካርድ ስላላት ታልፋለች። አለቀ፣ አለፈች። አሰልጣኝ ኒሺኖ ዋጋውን አስልቷል፣ ያንን አከብራለሁ። ሴኔጋል አንድ ጎል ብታገባ ግን እሱ ምንም ማድረጊያ ጊዜ ሳይኖረው ይወጣ ነበር። ዕጣ ፈንታዬን እኔ ወደማላየው ሜዳ መላክ ለእኔ አይሆነኝም።

ስለ ቅያሪ ጊዜ እንነጋገር። ከ2022 ጀምሮ አምስት ቅያሪ በሕግ ጸንቷል። ግን የምትቀይሩበት አጋጣሚ ከእረፍት ሰዓት ውጭ ሦስት ነው። ብዙ ጀማሪ አምስቱን ያስባል፣ ሦስቱን ይረሳል። አንድ አንድ እያደረገ በሦስት ጊዜ ሦስት ሰው ይቀይርና ሁለት ቅያሪ እጁ ላይ ይቀራል፣ መጠቀም ግን አይችልም። የእረፍት ሰዓቱ ስለማይቆጠር በደንብ ተጠቀሙበት። ቢጫ ያየ የመስመር ተከላካይ ፈጣን ልጅ እየተጋፈጠ ከሆነ፣ የሚወጣበት ሰዓት እረፍት ነው። የመጨረሻዋን አጋጣሚ ደግሞ እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ለመያዝ እሞክራለሁ። ከላይ ባነሳሁት የ2013 ውድድር ከናይጄሪያ ጋር የሆነው ለዚህ ይጠቀሳል። ያኔ ቅያሪው ሦስት ብቻ ነበር። ቅያሪያችን አልቆ በረኛው ሲሳይ ባንጫ መጨረሻ ላይ በቀይ ወጣ። የሜዳ ተጫዋቹ አዲስ ህንጻ ጓንት አድርጎ ቪክቶር ሞሰስ የመታውን ሪጎሬ ለመጠበቅ ቆመ። ገባ፣ 2ለ0 አለቀ። ሁሉን ነገር አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ግን በልምምድ ላይ ጓንት አድርጎ የሚያውቅ የሜዳ ተጫዋች ከሌላችሁ፣ አንዱን አሁኑኑ ምረጡ።

ተዘጋጅቶ የተወሰደ ሪስክ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ የሆላንዱን አሰልጣኝ የሉዊ ቫንሃልን የ2014 የዓለም ዋንጫ ውሳኔ ይይ። ሆላንድና ኮስታሪካ በሩብ ፍጻሜ 0ለ0 ናቸው። 120ኛው ደቂቃ አልፎ ቫንሃል በረኛውን ሲለሰንን አስወጥቶ ቲም ክሩልን አስገባ። ለመለያ ምት ብቻ። ክሩል ሁለት አዳነ፣ 4ለ3 አለፉ። ብዙ ሰው ዕብደት ብሎት ነበር። ነገር ግን ክሩል አስቀድሞ ያውቅ ነበር፣ ተዘጋጅቶበታል። ቫንሃልም ሦስተኛውን ቅያሪ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይዞ መቆየት ነበረበት። ያ ራሱ ዋጋ ነው። አንድ ተጫዋች ቢጎዳበትስ? በግማሽ ፍጻሜው ከአርጀንቲና ጋር ቅያሪዎቹ ቀድመው ስላለቁ ያንን ማድረግ አልቻለም። በመለያ ምት ተሸነፈ።

የደከመ ተጫዋች እንዴት ይለያል? ቀላል ይመስላል፣ ግን አይደለም። «ትችላለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «እችላለሁ ኮች» ነው። ለመጫወት የሚጓጓ ልጅ ሌላ ምን ይበል? እኔ የማየው ኳስ ከተነጠቀ በኋላ ያለችውን ቅጽበት ነው። ወዲያው ይዞራል ወይስ ቆሞ ያያል? ያልደከመ ልጅ ሳያስበው ይዞራል። የመስመር ተከላካይ ከሆነ ደግሞ እጁን እዩ። ከመሮጥ ይልቅ ኦፍሳይድ ነው ብሎ እጁን ማንሳት ከጀመረ፣ እግሩ አልቋል። አማካይ ሲደክም ኳስ የሚቀበለው ወደ ፊት ዞሮ ሳይሆን ጀርባውን ሰጥቶ ይሆናል፣ ወደ ኋላ ብቻ ይመልሳል። በረኛውም ይነግራችኋል። ቀድሞ ኳሱን በአጭር ይጀምር የነበረ በረኛ ድንገት ማርዘም ከጀመረ፣ ከፊቱ የሚቀበለው ሰው አጥቷል ማለት ነው። እነዚህን ምልክቶች ረዳቴ ይመዘግባል። ሁለት ጊዜ ከታየ ተቀያሪው እንዲሟሟቅ አስነሳለሁ። ጎል እስኪገባብን አንጠብቅም።

የአየር ጠባይ ነገርም አለ። እኛ የምንለማመደው 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሌላ ቆላ ስንወርድ ሙቀቱ ልጆቹን ከእረፍት በኋላ ይጥላቸዋል። እዚያ የመጀመሪያው ቅያሪዬ ቀደም ይላል። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይቀርም። ሁልጊዜ ከጨዋታው በፊት ሁለቱንም ሳጥን በእግሬ ረግጬ አያለሁ። ውሃ ከቋጠረ ከኋላ በአጭር ቅብብል መውጣት የለም። ኳስ ጭቃ ውስጥ ቆማ ለአጥቂያቸው ትቀርለታለች።

የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች የተለየ ትምህርት ይፈልጋሉ። በዚያው በ2018ቱ የዓለም ዋንጫ፣ ሮስቶቭ ላይ፣ ጃፓን ቤልጂየምን 2ለ0 እየመራች ነበር። የቤልጂየሙ አሰልጣኝ ማርቲኔዝ 65ኛው ደቂቃ ላይ ፌላይኒንና ሻድሊን አስገባ። ጊዜ ነበረው፣ ቅያሪው የሚሠራበት 25 ደቂቃ አገኘ። ቬርቶንገን፣ ከዚያ ፌላይኒ አገቡ፤ 2ለ2። 94ኛው ደቂቃ ላይ ጃፓን የማዕዘን ምት አገኘች። ሰዎቿን ወደ ፊት ላከች፣ ኳሱን ወደ ሳጥን አሻማች። የቤልጂየሙ በረኛ ኩርቱዋ ያዘው፣ ለዴብሩይነ አንከባለለለት፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሻድሊ አገባ። 3ለ2። ተቀይረው የገቡት ሁለቱም አግብተዋል። ከጃፓን በኩል ግን ያቺ ኮርና ናት የምትቆጨኝ። ቀጥሎ የተጨማሪ ሰዓት ጨዋታ አለ። ኳሱ በአጭር ቢጀመር፣ ማዕዘኑ አካባቢ ቢቆይ፣ ቢያንስ ሦስት ሰው ከኋላ ቢቀር፣ ምን ያጡ ነበር?

ስለዚህ በእኔ ቡድን ከ85ኛው ደቂቃ በኋላ ኮርና ስናገኝ አምበሉ ወደ እኔ ያያል። አንድ ጣት ካነሳሁ በአጭር፣ እጄን ከዘረጋሁ ወደ ሳጥን። ተጋጣሚ ኮርና ወይም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ደግሞ አልቀይርም። አዲስ የገባው ልጅ ማንን እንደሚይዝ ሳያውቅ ኳሱ ይመጣል።

ሰዓት መግደልን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። ኳስ መያዝ፣ ጥግ ላይ መጫወት፣ የእጅ ውርወራን ተረጋግቶ መወርወር የጨዋታው አካል ነው። ሳይመቱ መውደቅን ግን ለልጆች አላስተምርም። ነውር ነው። አያዋጣምም። ሜዳ ላይ ሐኪም ያየው ተጫዋች ከሜዳ ወጥቶ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ነው የሚመለሰው። በዚያች ደቂቃ በአሥር ሰው ትከላከላላችሁ። ዳኞችም የባከነውን ሰዓት አሁን በደንብ ይጨምራሉ፤ በካታሩ የ2022 ዓለም ዋንጫ ከአሥር ደቂቃ በላይ የተጨመረባቸው አጋማሾች ነበሩ። ከሐምሌ 2025 በፈረንጆቹ ወዲህ ደግሞ በረኛ ኳሱን በእጁ ከስምንት ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተጋጣሚ የማዕዘን ምት ይሰጣል። በረኞቻችሁ ይህን ማወቃቸውን አረጋግጡ።

ከሜዳ ስለሚወጣው ልጅም ላንሳ። ወጣት ነው፣ እናቱ ወይም የሰፈሩ ልጆች እያዩት ይሆናል። በመጀመሪያው አጋማሽ ሳይጎዳ ማስወጣት በጣም ከባድ ነገር ነው፣ በጣም ካልተገደድኩ አላደርገውም። ሲወጣ እጁን እጨብጣለሁ፣ «በርታ» እላለሁ፣ ምክንያቱን እዚያ አላብራራም። በሚቀጥለው ልምምድ ብቻውን ጠርቼ ምን እንዳየሁ በግልጽ እነግረዋለሁ። «ለቡድኑ ስል ነው» የሚለው ባዶ ቃል አይጠቅመውም። «በግራህ በኩል ሦስት ጊዜ አልተመለስክም» ይጠቅመዋል። የሚገባውንም እንደዚያው። «ግባና ሩጥ» አይባልም። አንድ ሥራ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ ንገሩት። ከዚያ በላይ ቢነገረው አይሰማም።

ይህን ሁሉ ሜዳ ላይ ብቻ መማር አይቻልም። ሐሙስ ሐሙስ የልምምዱን የመጨረሻ ሩብ ሰዓት ለዚህ እሰጣለሁ። «አሥር ደቂቃ ቀርቷል፣ 1ለ0 እየመራችሁ ነው፣ አንድ ሰው ጎድሏችኋል» እላለሁና እለቃቸዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ይገለበጣል። ቋሚዎቹን ሁልጊዜ መሪ አላደርጋቸውም፣ ተቀያሪዎቹም መምራትን መልመድ አለባቸው። በመሐል ፊሽካ ነፍቼ አስቆምና አንዱን እጠይቃለሁ። «አሁን ኳሱ ቢነጠቅ ማን ይሸፍናል?» መጀመሪያ ላይ እርስ በርስ ይተያያሉ። ከጊዜ በኋላ እኔ ሳልጠይቅ እነሱ ይጯጯሃሉ። ለዚህ ዕቃም ገንዘብም አያስፈልግም። ሁለት ቀለም ማሊያና አንድ ሰዓት ካላችሁ በዚህ ሳምንት ጀምሩት።